እድገቱ የማን ነው?

ባለፈው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጄን ሶፍትቦል ከሚያሰለጥኗት ሰዎች አንዱ በስልኬ መልእክት ላከልኝ። «ልጅህ ጎበዝ ናት። ከ10 ዓመት በታች ቡድን አውጥተን ከ12 ዓመት በታች ልናስገባት እንፈልጋለን» ይላል። ልጄ 10 ዓመት የሞላት በዚያው ሳምንት ነበር።

እውነቱን ልናገር። መልእክቱን አንብቤ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ልጄን መጠየቅ አልነበረም። አዲስ አበባ ለወንድሜ ደወልኩና «ደብል መታች!» አልኩት።

ደብል መምታትን ለማታውቁ ወጣት አንባቢዎች፦ በእኛ ጊዜ ጎበዝ የተባለ ተማሪ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል ያልፍ ነበር። እኔም ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ ዘልያለሁ። አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ፣ እናቴ ቡና አፍልታ ጎረቤት ጠራች። እኔ የማስታውሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ክፍልፋይ የሚያስተምሩት አራተኛ ክፍል ነበር፣ እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍል አልተቀመጥኩም። እስከ ዛሬ ክፍልፋይ ደምር ብትሉኝ እጄን ያልበኛል። በእረፍት ሰዓት ኳስ ስንመራረጥ የምቀረው የመጨረሻው ልጅ እኔ ነበርኩ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ለወንድሜ «ደብል መታች» ብዬ በኩራት የደወልኩት።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። እዚህ ያለን ሐበሾች ልጆቻችንን እግር ኳስ ወይም ሩጫ ማስገባት ነው የምናውቀው። ሶፍትቦል ለእኛ ባዕድ ነው። በአጭሩ የቤዝቦል ታናሽ ነው፤ በ1887 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቺካጎ ውስጥ በአዳራሽ ተጀምሮ ዛሬ በአብዛኛው የሴቶች ስፖርት ሆኗል። ከ1996 እስከ 2008 ኦሊምፒክ ላይ ነበር፣ ከዚያ ተሰረዘ፣ ቶኪዮ ላይ አንድ ጊዜ ተመለሰ፣ በ2028 ደግሞ እንደገና ይመጣል። የጨዋታው ልብ ፒቸሯ ናት። ክንዷን ሙሉ ዙር አዙራ ኳሱን ከወገቧ ሥር ትለቃለች፣ ተቃራኒዋ በዱላ ለመምታት ትሞክራለች። ልጄ ፒቸር ናት።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፣ ምክንያቱም «ከፍ አለች» የሚለው ቃል ቁጥሩን ይደብቃል። ከ10 ዓመት በታች የሚጫወቱት ዙሪያው 11 ኢንች በሆነ ኳስ ነው፣ ፒቸሯ የምትወረውረውም ከ35 ጫማ ነው። ከ12 ዓመት በታች ሲሆን ኳሱ 12 ኢንች፣ ርቀቱ 40 ጫማ ይሆናል። 14 ላይ እንደገና ወደ 43 ጫማ ይሸሻል። 40 ጫማ 12 ሜትር ከምናምን ነው። አምስት ጫማ ለእኔና ለእናንተ ሁለት እርምጃ ነው። ጣቶቿ ኳሱን በቅጡ ለማይዙት የ10 ዓመት ልጅ ግን ሌላ ስፖርት ነው።

መቺዋስ? በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ኳስ 35 ጫማውን ለመጨረስ 0.6 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ትልልቆቹ በሰዓት 80 ከወረወሩ፣ ርቀቱ ጨምሮም ቢሆን፣ ጊዜው ወደ 0.55 ይወርዳል። ፒቸሯ ላይ ተመትቶ የሚመለሰው ኳስም የበለጠ ይፈጥናል። የፊት መከላከያ የገዛሁት ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ልጄ በምትጫወትበት ሊግ እድሜ የሚቆረጠው ሴፕቴምበር 1 ነው፣ ከእኛ እንቁጣጣሽ አሥር ቀን ቀድሞ። የነሐሴ ልጅ ስለሆነች በራሷ እድሜ ቡድን ውስጥም ከታናሾቹ አንዷ ነበረች። ወደ ላይኛው ስትሄድ ደግሞ አጠገቧ የቆመችው ልጅ ከጥቂት ቀናት በኋላ 13 የምትሞላ ሆነች። ሁለቱም በወረቀት «ከ12 ዓመት በታች» ናቸው፤ አንዷ ግን ጡት አውጥታለች፣ ሌላዋ የወተት ጥርሷ ገና አላለቀም። የትውልድ ወር ምን ያህል እንደሚወስን በ1980ዎቹ ሮጀር ባርንስሊ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በካናዳ የበረዶ ሆኪ ላይ አሳይተዋል። የእድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 በነበረበት ስፖርት ምርጥ ተብለው የተመረጡት ልጆች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ወደተወለዱት ያጋደሉ ነበሩ። ችሎታ ብለን የምናጨበጭብለት ነገር አንዳንዴ የጥቂት ወር ብልጫ ብቻ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ። ስድስት ቅዳሜ ተጫወተች። ማስታወሻ ይዤ ቆጠርኩ፤ በስድስቱ ቅዳሜ በድምሩ የወረወረችው ሁለት ኢኒንግ ነው። የቀረውን ጊዜ ኳስ እምብዛም በማይደርስበት የቀኝ ጥግ ቆማ ወይም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አሳለፈችው። በልጆቹ ቡድን ብትቆይ በአንድ ጨዋታ ብቻ ሦስት ትወረውር ነበር። ከፍ አድርገናት ተጫዋች የነበረችውን ተመልካች አደረግናት።

ለምን እንደወሰዷት የሰማሁት ቆይቶ ነው። ትልልቆቹ ጋ የተመዘገቡት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፣ ከእነሱም ሁለቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ኳስ አለባቸው። ዘጠኝ ካልሞላ ቡድኑ ይቸገራል። ልጄ ቀዳዳ መድፈኛ ነበረች። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። «ጎበዝ ናት» ያለውም ውሸት አልነበረም። ሙሉውን ግን አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ምክንያቱም ሙገሳው ጆሮዬን ደፍኖታል።

በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን አመመኝ አለች። በአምስተኛውም አመማት። ባለቤቴ ነርስ ናት፣ ሁለት ጊዜ አይታት «ይቺ ልጅ የታመመችው ሆዷን አይደለም» አለችኝ። መኪና ውስጥ ስጠይቃት «አባዬ፣ እነሱ የሚያወሩት አይገባኝም» አለች። ስለ ኳሱ መጠን፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ፍጥነቱ ሳሰላ የከረምኩት ሰውዬ ይህን አላሰብኩትም። ትልልቆቹ ልጆች አልሰደቧትም፣ አልገፏትም። ስለ ወንድ ልጅ፣ ስለ ስልክ፣ ስለ ጡት መያዣ ያወራሉ። እሷ ቦርሳዋ ላይ የተንጠለጠለውን አሻንጉሊት ደብቃ መምጣት ጀምራ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ልናገር። አገር ቤት ያለው ችግር የዚህ ተቃራኒ ይመስላል። ጢሙን ላጭቶ ከ17 ዓመት በታች ቡድን ውስጥ ስለሚገባ ተጫዋች ሁላችንም ቀልደናል። ጉዳዩ የእኛ ብቻ ባለመሆኑ ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ላይ ከተደረገው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማስመርመር ጀምሯል። እዚያ ትልቁን ወደ ታች እናወርዳለን፣ እዚህ ትንሿን ወደ ላይ እንሰቅላለን። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። የልጅ እድሜ አዋቂዎች የሚደራደሩበት ዕቃ ሆኗል። (እኔ ራሴ በወረቀት የተወለድኩት ጃንዋሪ 1 ነው። እዚህ ካለን ስደተኞች ስንቶቻችን በአንድ ቀን እንደተወለድን ብትቆጥሩ ትስቃላችሁ። ስለዚህ በእድሜ ጉዳይ ሰው ላይ ድንጋይ ለመወርወር የመጀመሪያው አይደለሁም።)

ይህን ሐሳብ ለወዳጆቼ ሳነሳ ወዲያው የሚመጣብኝ መልስ ላሚን ያማል ነው። እውነት ነው፣ በ15 ዓመቱ ለባርሴሎና ዋና ቡድን ተሰለፈ፣ 17 በሞላ ማግስት የ2024ን የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ። እኔ ግን የምኖረው ዋሽንግተን ጥግ ነው፣ እዚህ የሚታወሰው ፍሬዲ አዱ ነው። ከጋና መጥቶ እዚሁ ሜሪላንድ ያደገ ልጅ፣ በ2004 በ14 ዓመቱ ለዲሲ ዩናይትድ ተሰልፎ አገሩ ሁሉ «አዲሱ ፔሌ» አለው። ከዚያ በኋላ ከክለብ ክለብ፣ ከአገር አገር ሲዞር ቆይቶ የተባለለትን ሳይሆን ቀረ። በእድሜው ቢጫወት ኖሮ የተሻለ ይሆን ነበር ብዬ መማል አልችልም፣ ማንም አይችልም። ግን ስለ ያማል የምናወራውን ያህል ስለ አዱ ለምን አናወራም? ልጆቻችንን የምንልከው በአሸናፊው ታሪክ ብቻ ተመርተን ነው።

«ስኮላርሺፕ ያመልጣታል» የሚሉኝም አሉ። ይህኛው ፍርሃት ይገባኛል። ሁለት ሥራ እየሠራ፣ ቅዳሜን ለልጁ ሜዳ ለማስለቀቅ ሺፍት የሚለዋወጥ ወላጅ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ቢያስፈራው አይፈረድበትም። ነገር ግን ከ2018 ወዲህ ባለው የኤንሲኤኤ ደንብ መሠረት የአንደኛ ዲቪዚዮን የሶፍትቦል አሰልጣኝ አንዲትን ልጅ ስለ ምልመላ ማነጋገር የሚጀምረው 11ኛ ክፍል ስትገባ፣ ሴፕቴምበር 1 ነው። የእኔዋ አምስተኛ ክፍል ናት። ማን ነው የሚያጣድፈን?

ይህን ስል ልጅ ከእድሜዋ በላይ አትጫወት ማለቴ አይደለም። ኳሷን ማንም መንካት ያልቻለባት ፒቸር እዚያው ብትቀር በፍጥነት ብቻ ማሸነፍን ትለምዳለች፣ ሌላ ነገር አትማርም። ፊቷ የሚቆሙት የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችም ከፍርሃት በቀር የሚያገኙት የለም። እኔ የምቃወመው እድገትን እንደ ሽልማት መስጠትን ነው። ሽልማት ተቀብለህ ታመሰግናለህ እንጂ አትመረምረውም። ይህ ግን እንደ ቤት ለውጥ መታየት ያለበት ነገር ነው፤ ውሃ አለው ወይ፣ ጎረቤቱ ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል ተብሎ የሚጠየቅ።

አሰልጣኙን ቡና ጋብዤ ሦስት ነገር ጠየቅሁት። በጨዋታ ስንት ኢኒንግ ትወረውራለች? ካልወረወረች የት ትቆማለች? ወንበር ላይ ከማን ጋር ትቀመጣለች? የመጨረሻውን ስጠይቀው ዝም አለ። «አስቤው አላውቅም» አለኝ፣ በቅንነት። ከዚያ ተስማማን። ክረምቱ እስኪወጣ በሳምንት አንድ ቀን ከትልልቆቹ ጋር ትለማመዳለች፣ ጨዋታ ግን ከእኩዮቿ ጋር ትጫወታለች። ለልጄም ራሱ ነገራት። «የወሰድኩሽ ሰው ስላነሰኝ ነበር፣ አሁን በደንብ ላዘጋጅሽ እፈልጋለሁ» ሲላት ቀና ብላ አየችው። ልጆች እውነት ሲነገራቸው ያውቃሉ።

ቤት ውስጥ የሠራነው ቀላል ነገር ነው። የ12 ኢንች ኳስ ገዛሁላት፣ ቴሌቪዥን ስታይ ይዛው ትቀመጣለች፣ ጣቷ እስኪለምደው። ከቤታችን ኋላ ባለው መኪና ማቆሚያ በሜትር ለክቼ በጠመኔ 36፣ 37፣ 38 እያልኩ እስከ 40 አሰመርኩ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ መስመር ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ ትከሻዬን አመመኝ ካለች አንድ ወደፊት ትመለሳለች። እኔ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ እቀልባለሁ። ቅልጥሜ ላይ ያለውን ሰንበር ያየ ጎረቤቴ ጋሼ «ምነው፣ ሚስትህ ትመታሃለች እንዴ?» ብለውኛል።

ከሁሉ በላይ የጠቀማት ግን ኳሱም ጠመኔውም አይደለም። ከትልልቆቹ መካከል የቡድኑ ቀላቢ የሆነችው ልጅ እሑድ እሑድ እየመጣች ከእሷ ጋር መወርወር ጀመረች። አሰልጣኙ ለምኗት ነው የመጣችው፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ማንም ሳይጠራት መጣች። በእኔ ፈንታ ባልዲው ላይ እሷ ተቀመጠች፣ እኔ ሻይ አቀራቢ ሆንኩ። ወደ ልምምድ የሚሄዱትም በአንድ መኪና ነው። አንድ ቀን ልጄ ቦርሳ ላይ አሻንጉሊቱ ተመልሶ ተንጠልጥሎ አየሁ፣ ትልቋም ቦርሳ ላይ ተመሳሳዩ አለ።

መጋቢት ላይ ራት እየበላን «አባዬ፣ አሁን መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። ወዴት ብዬ አልጠየቅኋትም።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ስትጀምር አራት ተከታታይ መቺዎችን በኳስ ስህተት ወደ ቤዝ አሳለፈች፣ አንድ ነጥብም ተቆጠረባት። አሰልጣኙ አላወጣትም፣ ቀድሞ ነግሯት ነበር፤ «ሁለት ኢኒንግ ያንቺ ነው፣ ምንም ቢሆን» ብሎ። ቀላቢዋ ተነሥታ ሄዳ በጆሮዋ የሆነ ነገር አለቻትና ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለቻት እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። አምስተኛዋን መቺ በሦስት ኳስ አስወጣቻት።

ማታ ወንድሜ ደወለ። «እንዴት ሆነች ደብል የመታችው?» አለኝ። ስልኩን ለእሷ ሰጠሁና ወደ ኩሽና ሄድኩ።