የብስክሌት ዲስክ ፍሬን በቁልቁለት ይመዘን

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ከተጠቃለሉት ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ብስክሌተኛ የፍሬን ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። በተለይ ከሱሉልታ ተነሥቶ እንጦጦን ለሚሻገር ሰው ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በሜዳ ላይ አንድ ጊዜ በማቆም ብቻ የሚደረግ ፍተሻ ይህን አደጋ አያሳይም።

ለአብነት፣ ነጂና ብስክሌት በአንድነት 90 ኪሎ ግራም መዝነው 400 ሜትር ከፍታ ቢወርዱ 353 ኪሎ ጁል ያህል ጉልበት ይለቀቃል። ነጂው ፍጥነቱን በገታ መጠን አብዛኛው ጉልበት በዲስኩና በፍሬን ሸራው ላይ ሙቀት ይሆናል። ሸራው ከልክ በላይ ሲግል ሰበቃው ይቀንሳል፤ እጀታው ቢጨበጥም ፍሬኑ ይለግማል።

ስለዚህ ማሻሻያው እጀታውን አብዝቶ ከመጨበጥ አይጀምርም። ሹካው ከፈቀደ የ160 ሚሊ ሜትሩን ዲስክ በ180 መተካት በተመሳሳይ የእጅ ግፊት የማቆም ኃይሉን ከ12 በመቶ በላይ ያሳድጋል፤ ሙቀቱንም ለሰፊ ብረት ያካፍላል። ሆኖም ዘይት የነካውን ሸራ ትልቅ ዲስክ አያድነውም። ሸራን ከዘይት መጠበቅና አዲሱን በተደጋጋሚ ፍጥነት በመቀነስ ማለማመድ ወጪ አይጠይቅም።

የምህንድስና ተመራማሪዎችም በቁልቁለቱ ግርጌ፣ በጋለ ዲስክ የሚደረገውን የመጨረሻ ማቆም ዋና መመዘኛቸው ሊያደርጉት ይገባል።