የድረ ገጽ ቁልፍ በነጋዴው እጅ ይሁን

በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ፣ በአራዳና በፒያሳ የነገደ ሰው የታወቀ አድራሻ ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ አሳምሮ ያውቃል። ደንበኛ ከአባቱ አፍ የሰማውን ሱቅ ፈልጎ ይመጣልና። በ2016 ዓ.ም. በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ሱቆች ፈርሰው ባለቤቶቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር በተዛወሩ ጊዜ ግን ይህ ሀብት ለፈተና ቀረበ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ድረ ገጽ ያለው ነጋዴ እንኳ ገጹን የሠራለት ባለሙያ ካልተገኘ፣ የፈረሰው ሱቅ አድራሻ እንደ ተጻፈ ይቀርበታል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም አስመጪው ዋጋውን ቶሎ ቶሎ ማረም ግድ ሆነበት። ያረጀ ዋጋ የያዘ ገጽ ደንበኛንና ሻጭን ያጣላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው የይዘት ማስተዳደሪያ ሥርዓት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስ፣ እንዲሁም ድሩፓልና ጁምላ፣ ጽሑፉን ከገጹ ቅርጽ ለይተው በመረጃ ቋት ያስቀምጣሉ። ስለዚህ የኮምፒዩተር ቋንቋ ያልተማረ ጸሐፊ ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሁሉ አድራሻውንና ዋጋውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያርም ይችላል። ሥልጣንም ይከፋፈላል፤ ጸሐፊው ያዘጋጃል፣ ሥራ አስኪያጁ መርምሮ እንዲወጣ ይፈቅዳል። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ገንዘብ የሚወጣው ለድረ ገጹ ስም፣ ለማስቀመጫው ኪራይና ለባለሙያው ድካም ነው።

ሆኖም ሥርዓቱ ጠባቂ ይፈልጋል። ማሻሻያው በጊዜው ካልተጫነ ለሌባ በር ይከፈታል፤ መጠባበቂያ ቅጂ ካልተቀመጠም የዓመታት ሥራ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል።

እንግዲህ ነጋዴው ከባለሙያ ጋር ውል ሲፈራረም ሦስት ነገር አስቀድሞ ያስጽፍ፤ አንደኛ፣ የድረ ገጹ ስም በድርጅቱ ስም እንዲመዘገብ፤ ሁለተኛ፣ ዋናው የይለፍ ቃል በድርጅቱ ካዝና እንዲቀመጥ፤ ሦስተኛ፣ አንድ ሠራተኛ ገጹን ማረም እንዲማር። የሱቁን ቁልፍ ለአናጢው ትቶ የሚሄድ ነጋዴ የለም። ሱቅ ሊፈርስ፣ ሰፈር ሊለወጥ ይችላል፤ ባለቤቱ ራሱ የሚያርመው ገጽ ግን ደንበኛውን ወደ አዲሱ በር ይመራዋል።