«ዘረኝነት» በሚል ስም የተሸፈኑ ሦስት በደሎች

በዛሬው አማርኛ «ዘረኝነት» የሚለው ቃል ቢያንስ ሦስት በደሎችን በአንድነት ይጠራል፦ በብሔሮች መካከል ያለውን ፖለቲካዊ ጥላቻ፣ በትውልድና በሙያ የሚመጣውን ንቀት፣ በቆዳ ቀለም የሚደረገውን መድልዎ። ሦስቱ መነሻቸውም መፍትሔያቸውም የተለያየ ስለሆነ በየስማቸው መጠራት ይኖርባቸዋል።

«ብሔር» የዛሬውን ፖለቲካዊ ክብደት ያገኘው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ያወጣው ጽሑፍ ክርክሩን አደባባይ አወጣው፤ ደርግም በ1968 ዓ.ም. ባወጀው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ጥያቄውን በመርሕ ደረጃ ተቀበለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ለብሔር፣ ለብሔረሰብና ለሕዝብ አንድ ትርጉም ሲሰጥ የዘረዘረው የጋራ ባህልን፣ የሚግባቡበትን ቋንቋ፣ የጋራ ማንነት እምነትን፣ የሥነ ልቦና አንድነትንና የተያያዘ መልክዓ ምድርን ነው። ደምና አጥንት ከዝርዝሩ የሉም። የዕለት ንግግር ግን ብሔርን «ዘር» እያለ ወደ ደም ይመልሰዋል። በዚህም ምክንያት በድርድር ሊፈታ የሚችል የሥልጣን፣ የመሬትና የበጀት ጥያቄ አብሮ የተወለደ ጠብ መስሎ ይታያል።

ጉዳቱ በከተማ ጎልቶ ይወጣል። በአዲስ አበባ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሀይሌ ጋርመንትና በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች ከየአቅጣጫው የመጡ ቤተሰቦች ተጎራብተው ይኖራሉ። የኮንዶሚኒየም ቤት በዕጣ ሲደርስ ጎረቤት በብሔር አይመረጥም። ከሁለት ብሔር የተወለደ ሰው ግን የቀበሌ መታወቂያ ሲያወጣ ለዓመታት ከወላጆቹ የአንዱን ብቻ እንዲያስጽፍ ተገዷል። ዲጂታሉ የፋይዳ መታወቂያ ብሔርን አለመመዝገቡ ተገቢ እርምት ነው።

ሁለተኛው በደል በቋንቋም በሃይማኖትም አንድ በሆኑ ሰዎች መካከል ጭምር ይፈጸማል። ቀጥቃጩ ማረሻውን፣ ሸክላ ሠሪዋ ጀበናውን፣ ሸማኔው ጋቢውን ለአገር እያቀረቡ «ቡዳ» ተብለው ተፈርተዋል፣ በጋብቻም ተገልለዋል። በካፋ የማንጃ ማኅበረሰብም ከሌላው ጋር በማዕድና በጋብቻ እንዳይቀላቀል ሲደረግ ኖሯል። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም «የባሪያ ልጅ» የሚለው ስድብ ከአዋጁ በኋላ ዘልቋል፤ ሽማግሌ ሲላክ አጥንት መቁጠርም አልቀረም። ይህን ሁሉ «የብሔር ችግር» ብሎ መጥራት ተበዳዮቹን ከዕይታ ያወጣል።

ሦስተኛው የቀለም መድልዎ ነው። በአገር ውስጥ በምዕራብ ጠረፍ የሚኖሩ እንደ ጉሙዝ ያሉ ሕዝቦች ቆዳቸው በመጥቆሩ ሲናቁ ኖረዋል። የቤተ እስራኤል ታሪክ ደግሞ በሁለተኛውና በሦስተኛው በደል መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳል። በጎንደር አካባቢ በአይሁድ እምነታቸውና በብረት ሥራቸው የተገለሉት እነዚህ ሰዎች በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በ1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሄዱ። እዚያ ደግሞ በጥቁርነታቸው መድልዎ ደረሰባቸው፤ በ2007 ዓ.ም. አንድ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር በፖሊስ መደብደቡ በቴል አቪቭ ትልቅ የተቃውሞ ሰልፍ አስነሣ። አንድ ማኅበረሰብ በሁለት አገር ሁለት ዓይነት በደል ደርሶበታል፤ አንዱን የሚያርም እርምጃ ሌላውን አይነካውም።

ሕጉም ይህን መለየት ይጠይቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ የሚደረግን ልዩነት ይከለክላል። በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1965) የጸደቀው ዓለም አቀፍ የዘር መድልዎ ማስወገጃ ስምምነትም ቀለምን፣ የትውልድ ሐረግንና የብሔር ምንጭን ለይቶ ይጠቅሳል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ዘርን፣ ጾታንና አካል ጉዳትን ሲጠቅስ ሙያንና የትውልድ ሐረግን በስም አያነሣም። ቢሻሻል እነዚህ በግልጽ ሊገቡበት ይገባል።

ነውረኛ ስሞችን ከመጽሐፍና ከመዝገብ መፋቅ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ንቀቱ በአዲሱ ስም ውስጥም ሊኖር ይችላል። ጋዜጠኛ፣ መምህርና ዳኛ በደል ሲገጥማቸው ማን፣ በማን ላይ፣ በምን ምክንያት እንደፈጸመው ለይተው መናገር አለባቸው። የአንድ ታጣቂ ቡድን ወንጀል በቡድኑ ስም እንጂ በሕዝብ ስም አይጠራ፤ የሸክላ ሠሪዋም መገለል የፖለቲካ ፓርቲዎች ክርክር ማሟያ አይሁን። ቋንቋው ግልጽ ሲሆን ተጠያቂው ይለያል፣ ተበዳዩም የሚገባውን ፍትሕ በስሙ ሊጠይቅ ይችላል።