ማንም ሳይሰርቀው የሚጎድል ዕቃ፦ ስለ ነፋሱና ስለ ሙቀቱ ወራት

የምንዛሪ ዋጋ ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን፣ ዕቃ የጫነችው መርከብ ጅቡቲ የምትደርስበትን ቀን፣ የነዳጅ ዋጋ መጨመሩን ወይም ባለበት መርጋቱን ሳይጠይቅ የሚውል ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን በሚመጡት 10 ቀናት ነፋሱ ይበረታ እንደ ሆነ፣ ከነፋሱም በኋላ ሙቀቱ ይጨምር እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነጋዴ እምብዛም አይገኝም። የአየር ጠባይ ወሬ የገበሬና የአውሮፕላን አብራሪ ጉዳይ እንጂ የነጋዴ ጉዳይ አይደለም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ ሥር ሰድዶ ይታያል። ይህ አሳብ ስሕተት ነው፤ የስሕተቱም ዋጋ በየዓመቱ በንግድ ቤቱ መዝገብ ላይ «ብልሽት»፣ «ጉድለት»፣ «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚል ስም ተሸፍኖ ይጻፋል። ነገሩን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለውን የኮልፌ ቀራንዮን ክፍለ ከተማ መመልከት ይበቃል።

ከዚህ ስፍራ ሆኖ ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው የእንጦጦን፣ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ደግሞ የወጨጫን ተራራ ያያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የበጋ ወራት ሰማዩ ይጠራል፤ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው አየርም ደረቅ ነው። ስለዚህ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት የሚከለክላት ደመና ሳይኖር መልሳ ትሰጣለች፤ ውርጭም የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥር ካለፈ በኋላ ግን ፀሓይ ወደ ሰሜን እየተመለሰች ትመጣና በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንት ገደማ በእኩለ ቀን ከአዲስ አበባ አናት በላይ ትቆማለች። የሌሊቱ ብርድ ፈጽሞ ሳይለቅ፣ የቀኑም ሙቀት ገና ሳይጸና፣ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ ደረቁ ነፋስ የመንደሩን ዐቧራ ያስነሣል፤ ከዚያም በኋላ እስከ ግንቦት ድረስ የዓመቱ ሞቃት ቀኖች ይከተላሉ። እንግዲህ ነፋሱ የሙቀቱ መልእክተኛ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ነፋሱም ቢሆን የራሱ ሰዓት አለው። ሌሊቱንና ማለዳውን አየሩ ጸጥ ብሎ ያድራል፤ ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ የታችኛው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ በከፍታ ላይ በፍጥነት የሚጓዘውም ነፋስ በፈንታው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ በእነዚህ ወራት ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ዕቃውን ያራገፈና ያስገባ ነጋዴ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚያራግፈው ጎረቤቱ ይልቅ ንጹሕ ዕቃ ይኖረዋል። ይህን ለማድረግ አንድ ሳንቲም እንኳ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ማወቅ ብቻ ነው።

የአየሩን ጠባይ አጥንቶ የሚያስታውቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አለ። በ1973 ዓ.ም. በዐዋጅ ራሱን ችሎ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው ይህ መሥሪያ ቤት፣ ለበጋው፣ ለበልጉና ለክረምቱ በየወቅቱ፣ ደግሞም ለየ10 ቀናቱ ትንበያ ያወጣል። ትንበያው ለሕዝብ የሚነገር እንጂ የሚሸጥ ምስጢር አይደለም። ቢሆንም በአየር ጤና፣ በጦር ኃይሎች፣ በቤተልና በአጠና ተራ ካሉት ሱቆች በስንቱ ውስጥ ይህ ወሬ ይነበባል ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የሚያስደስት አይሆንም።

አጠና ተራን እንመልከት። የባሕር ዛፍ አጠና ከእንጦጦና ከሌላውም ስፍራ ተቈርጦ ሲመጣ ገና እርጥብ ነው። ደረቅ ነፋስ ከብርቱ ፀሓይ ጋራ ሲያገኘው ከላይ ቶሎ ይደርቃል፣ ከውስጥ ግን እርጥበቱን እንደ ያዘ ይቈያል፤ በዚህ ጊዜ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። አጠናውን በጥላ ሥር፣ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ አድርጎ የደረደረ ሻጭ ቀጥ ያለ እንጨት ይሸጣል፤ በሜዳ ላይ የከመረው ግን ለማገዶ ዋጋ ይለምናል። ጨርቅ ሻጩም በር ላይ የሰቀለው ልብስ በዐቧራ ቀለሙ ይደበዝዛል። የእህልና የዱቄት ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ካዋለ ዐቧራና ዱቄት አደባልቆ የመሸጥ ነውር ይደርስበታል። ምስማሩ የላላ የጣራ ቆርቆሮ በነፋስ ከተነሣ ደግሞ ጉዳቱ በዚያ ቀን አያበቃም፤ የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ በነጎድጓድ ሲመጣ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ነፋሱ የተወውን ያበላሻል።

ከሁሉ የሚከፋው እሳት ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት የብዙ ነጋዴዎችን ሀብት አመድ እንዳደረገ፣ የመንገዱም ጥበት እሳቱን ለማጥፋት እንዳስቸገረ አይዘነጋም። የዚያ እሳት መነሻ ነፋስ ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን መርካቶ ለኮልፌ ጎረቤት ነው፤ ተጠጋግተው የተሠሩ ቤቶች፣ በላያቸው የተንጠለጠሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች፣ በመተላለፊያ የተከመሩ ካርቶኖች በሁለቱም ሰፈር ይገኛሉ። እንጨቱና ካርቶኑ በደረቀበት፣ ነፋሱም ፍንጣሪ ከጣራ ወደ ጣራ በሚያደርስበት ወር፣ በመተላለፊያ ላይ ዕቃ የሚከምር ሰው የሚያስፈራው ለራሱ ሱቅ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤቱን የ20 ዓመት ድካም በእጁ ይዞ እንደሚጫወት ይቈጠራል።

ነፋሱ ጋብ ብሎ ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጉዳት ይጀምራል፤ ይኸኛው ድምፅ ስለሌለው ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት በቀትር ከውጭው አየር ይልቅ ይሞቃል። በዚህ ወራት ዐቢይ ጾም ስለሚውል 55 ቀን ሙሉ ቅቤ ፈላጊው ይቀንሳል፤ ነጋዴውም ለፋሲካ ይሆነኛል ብሎ ያከማቸው ለጋ ቅቤ ሳይሸጥ ይበስልበታል። በቅርብ ዓመታት ረመዳንም በዚሁ ወቅት ስለዋለ ቴምርና ልዩ ልዩ የምግብ ሸቀጥ በብዛት ይገባል። በመድኃኒት ሣጥን ላይ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ተብሎ የተጻፈው ጽሑፍ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ሙቀት ያገኘው መድኃኒት መልኩ ሳይለወጥ ኀይሉ ሊደክም ይችላል። ገዢው ይህን በዐይኑ ሊያውቀው አይችልም፤ ስለዚህ የነጋዴው ሕሊና ብቻ ምስክር ይሆናል።

ስለ ቡናና ስለ ጥራጥሬ ደግሞ አንድ ስሌት ማሰብ ይጠቅማል። 100 ኩንታል ቡና ከመቶ 12 እጅ እርጥበት ይዞ መጋዘን ቢገባና በደረቅ ነፋስና በሙቀት ምክንያት እርጥበቱ ወደ 10 ቢወርድ፣ ሲመዘን 97 ኩንታል ከ78 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከ2 ኩንታል የሚበልጥ ጎደለ ማለት ነው። በሩ አልተሰበረም፣ ጆንያው አልተቀደደም፤ ሌባውም አየሩ ነው። ይሁን እንጂ በብዙ ንግድ ቤት እንዲህ ያለ ጉድለት ሲገኝ የሚጠየቀው መጋዘን ጠባቂው ነው። ምናልባትም ብዙ ዓመት በታማኝነት ያገለገለ ሰው ከደመወዙ ይቈረጥበታል፣ ወይም ስሙ ጠፍቶ ይሰናበታል። ዕቃው በገባበትና በወጣበት ቀን እርጥበቱ ተለክቶ ከክብደቱ ጋራ ቢመዘገብ ኖሮ ሰውየው ባልተበደለ ነበር፤ እውነተኛ ሌባ ቢኖርም በነፋሱ አሳብቦ ባላመለጠ ነበር።

አስመጪውም ይህ የእኔ ነገር አይደለም ሊል አይችልም። መጋቢት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. 400 ሜትር ርዝመት ያላት ኤቨር ጊቭን የተባለች መርከብ ብርቱ ነፋስና የአሸዋ ዐቧራ በነበረበት ሰዓት በስዊዝ ቦይ ውስጥ ተጋድማ መንገዱን ዘጋች፤ እስክትለቀቅም 6 ቀን ሙሉ በመቶ የሚቈጠሩ መርከቦች ቆመው ጠበቁ። በወዲያኛው በር የተነሣ ነፋስ በአዲስ አበባ የሱቅ መደርደሪያ ላይ ባዶ ስፍራ ሊያደርግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በጅቡቲም በበጋቸው ጊዜ፣ ይኸውም በእኛ ክረምት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ በብረት ኮንቴይነር ተዘግቶ የሚቈይ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት ከማዘዝ በፊት ሊታሰብ ይገባል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ትንበያው አንዳንድ ጊዜ ይስታል፤ ነፋስና ዝናብም በእግዚአብሔር እጅ ነው ይባላል። ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ግን የገበያ ዋጋ ወሬስ መቼ ሳይስት ቀርቶ ያውቃል? ነጋዴ በተረጋገጠ ነገር ብቻ ቢሠራ ኖሮ አንድም ሱቅ ባልተከፈተ ነበር። የነጋዴ ጥበብ ትንሽ ወጪ አውጥቶ ትልቅ ኪሳራን መከላከል ነው። አንድ ሸራ፣ ጥቂት ገመድና የጣራ ምስማር፣ አንድ ቀን ሙሉ የሚፈጅ የመጋዘን ጽዳት ነፋሱ ባይመጣ እንኳ ጠፋ የሚባል ገንዘብ አይደለም፤ ቢመጣ ግን ሀብት ያድናል።

ስለዚህ የሚመከረው ነገር ከባድ አይደለም። ጥር ሳያልቅ ጣራው ይመርመር፣ መተላለፊያው ከካርቶን ይጽዳ፤ እሳት ቢነሣ የሚደወልበት 939 ቍጥርም በግድግዳ ላይ ይጻፍ። የእሳት መድን ውል ያለው ሰው የዐውሎ ነፋስ ጉዳት አብሮ መጻፉን ወይም አለመጻፉን ነፋሱ ሳይነሣ ያንብብ። ሙቀት የሚጎዳው ዕቃ ከጣራ ርቆ በዝቅተኛው መደርደሪያ ይቀመጥ፤ ቀድሞ የገባውም ቀድሞ ይሽጥ። የየሰፈሩ የነጋዴዎች ማኅበር የ10 ቀኑን ትንበያ እያስገለበጠ ከምንዛሪው ዋጋ ጎን ቢለጥፍ ለአባሎቹ ታላቅ ውለታ ይሆናል። ከዚህ ጋራ፣ ሙቀት ያበላሸውን ዕቃ ዐውቆ የሚሸጥ ወይም የነፋሱን ወሬ ሰምቶ ያለ ምክንያት ዋጋ የሚጨምር ነጋዴ ትንበያውን ለመከላከያ ሳይሆን ለዝርፊያ እንደ ተጠቀመበት መታወቅ አለበት።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። ነፋሱ በየዓመቱ ይነሣል፣ ሙቀቱም ይከተለዋል፤ ይህን ማንም ሊያስቀር አይችልም። በሰው እጅ ያለው ነገር ጉድለቱን በእውነተኛ ስሙ መጻፍ ነው። በሚመጣው ዓመት የመዝጊያ ሒሳብ ላይ «ጉድለት» የሚለው መስመር ሲነበብ፣ ባለ ንግዱ ወደ መጋዘን ጠባቂው ከማየቱ በፊት ወደ ጣራውና ወደ ሰማዩ ቢመለከት፣ ገንዘቡንም ታማኝ ሠራተኛውንም ያተርፋል።