ሁለተኛ የወጣ ምን ይመስክር?



በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ የገባው ባሕር ዳር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ይካሄድ ስለነበር፣ የጣና ሞገዶቹ አብዛኛውን ዓመት ያሳለፉት ከደጋፊያቸው ርቀው ነው። የደብረ ማርቆስ ልጆችም ጨዋታውን የተከታተሉት በየዲኤስቲቪ ቤቱ ተጨናንቀው ነበር።

ሁለተኛ መውጣታቸው ግን በር ከፈተላቸው፤ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ተሳተፉ። በነሐሴ 2015 ክልላችን በምን ውስጥ እንደነበረ ማናችንም አንረሳውም። በዚያ ወቅት የሜዳቸውን ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ አድርገው የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት አሸነፉ። በሚቀጥለው ዙር የቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን አስቆማቸው። ደጋፊያቸው ግን አላፈረባቸውም። ዋንጫ ባያመጡም «ልጆቻችን» ብሎ ጠራቸው።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። የኳስ ደጋፊ ለተሸነፈ ልጁ ቦታ አለው፤ እኛስ በቤተ ክርስቲያን አለን ወይ?

በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ያለፉት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት ከመቶ ተማሪ ወደ 97 የሚጠጋው ወደቀ ማለት ነው። ከነዚህ መካከል በመዘምራን ውስጥ የሚያገለግሉ፣ ጾመው ጸልየው የተፈተኑ ልጆች አሉ። በእሑድ የምስክርነት ሰዓት ግን መድረኩን የምንሰጠው ላለፈው ነው፤ ሥራ ላገኘው፣ ቪዛ ለተመታለት፣ ከበሽታ ለዳነው። «ጌታ ከፈተልኝ» ሲባል እልል እንላለን። ደስ ይበለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን በሩ ያልተከፈተለት ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ምን ይደመድማል? «እምነቴ ጎድሎ ነው» ወይም «እግዚአብሔር ረስቶኛል» ይላል። ዝምታችን ያስተማረው ይህን ነው።

አንዳንዱ ተጫዋች ፊልጵስዩስ 4፥13ን ከማሊያው ሥር ጽፎ ሜዳ ይገባል። ምዕራፉን ከፍ ብለን ብናነብ ግን ጳውሎስ የሚናገረው ስለ ዋንጫ አይደለም። በእስራት ሆኖ፣ ማግኘትንም ማጣትንም፣ መጥገብንም መራብንም እንደ ተማረ ነው የሚነግረን። ኃይሉ የተሰጠው ለሁለቱም ነው። ዕንባቆምም በምዕራፍ 3 ላይ እርሻው ምግብ ባይሰጥ፣ በረቱ ባዶ ቢሆን እንኳ በጌታ ደስ እንደሚለው ተናግሯል። በሬው የሞተበትና አዝመራው በበረዶ የተመታበት የጎጃም ገበሬ ይህን ቃል ከማናችንም በላይ ይረዳዋል።

«እንዲህ ካልን ወጣቱ ይሰንፋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ጳውሎስ ራሱ በ1ኛ ቆሮንቶስ 9 ላይ ሽልማቱን እንድናገኝ አድርገን እንሩጥ ይላል። ልጆቻችን ያጥኑ፣ ይትጉ፣ ደግመውም ይፈተኑ። ዳሩ ግን ሰው ደግሞ ለመሮጥ ጉልበት የሚያገኘው፣ ቢወድቅም እንደሚወደድ ሲያውቅ ነው። ጌታችን የወደደን አሸንፈን ስንመጣ አይደለም፤ ገና ኃጢአተኞች ሳለን ሞተልን እንጂ (ሮሜ 5፥8)። ወንጌላችን ይህ ከሆነ የምስክርነት ሰዓታችንም ይህን ይምሰል።

ስለዚህ ሽማግሌዎችና የወጣት መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው እሑድ መድረኩን ላልተሳካለትም ስጡት። «አላለፍኩም፤ ጌታ ግን አልተወኝም» ይበል። ስናጨበጭብ ያኔም እናጨብጭብ። ከዚያም አብረነው እንጸልይ፤ መጽሐፍ መግዣ ካጣም እንግዛለት።

አንተም ይህን የምታነብ፣ ገና ጌታን የምትፈልግ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ወደ ክርስቶስ ለመምጣት አንደኛ መውጣት አያስፈልግም። እንዳላችሁ ኑ።

ጌታ ይባርካችሁ።