መጠባበቂያው ማርስ ላይ አይደለም

የሰው ልጅ ማርስ ላይ ከተማ ቆርቁሮ ይስፈር የሚለው ሐሳብ ሰሞኑን እንደገና የጅማ ቡና ቤቶች መነጋገሪያ መሆኑና የስፔስኤክስ ባለቤት ኢሎን መስክ ሚሊዮን ሰው አሰፍራለሁ ማለቱ በአድናቆት መወራቱ፣ ይህ ዓምድ ዘወትር የሚሟገትለትን የጫካ ቡና ጉዳይ መልሶ እንዲያነሣ ያስገድዳል።

ሰማይን መመርመር የተከበረ ሥራ ነው። ቦንጋ ተወልደው በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ መሐንዲስነት የሠሩት ዶክተር ቅጣው እጅጉ የአካባቢው ኩራት ናቸው፤ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይትም እርሻንና አካባቢን ከላይ ለመቃኘት የታሰበች በመሆኗ ወጪዋ የሚያስቆጭ አይደለም። መስፈር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የማርስ አየር ግፊት ከምድር ግፊት አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ፣ አየሩም በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ አፈሩ ደግሞ ፐርክሎሬት በተባለ ለሰው ጤና ጎጂ በሆነ ጨው የተበከለ ነው።

ሰፈራ ምን እንደሆነ ከፋና ኢሉባቦር ያውቁታል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከመታው ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች በደርግ ትእዛዝ የመጡት ሰፋሪዎች፣ አየርና ውኃ፣ ለም መሬትና ጎረቤት ባለበት አገር ወባ ብዙዎቹን ሲፈጃቸው፣ ሌሎቹም ጠፍተው በእግራቸው ወደ ቀያቸው ለመመለስ ሞክረዋል።

«ምድር ብትጠፋ መጠባበቂያ ያስፈልጋል» ለሚሉት መልሱን ቡና ራሱ ሰጥቷል። ከዚህ አገር ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ እስያ የተሻገረው ጥቂት ዘር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1714 ከአምስተርዳም ለፈረንሳዩ ንጉሥ የተላከው አንድ ችግኝም በላቲን አሜሪካ ለተስፋፋው ቡና ከዋነኞቹ ወላጆች አንዱ ሆኗል። እንዲህ ያለ ተክል ዘረመላዊ ብዝኃነት፣ ማለትም አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲቆም የሚያደርገው በዘር የሚወረስ ልዩነት ስለሚጎድለው፣ ቅጠል የሚያራግፈው የፈንገስ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሎን ሲገባ የደሴቲቱ የቡና እርሻ ጠፍቶ በሻይ ተተካ። በአንጻሩ ፍሬን በእንጭጩ የሚያደርቀው ሲቢዲ የተባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ሲከሰት፣ መልኮ ያለው የጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች ሌላው ሲደርቅ ያልተነኩትን ዛፎች እየለዩ መርጠው፣ ከመቱ አካባቢ የተገኙትን 74110ንና 74112ን የመሳሰሉ ዝርያዎች ለገበሬው አደረሱ። መጠባበቂያ የሆነው እንግዲህ ርቆ የሄደው ዘር ሳይሆን እዚሁ የቀረው ጫካ ነው።

ይህ ጫካ ግን እየተመነጠረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናትም በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል፣ ተክሉም ወደ ደጋው መሸሽ እንደሚኖርበት ያመለክታል። የቡና መነሻ ጎማ ውስጥ ያለችው ጮጬ ናት ወይስ የከፋዋ ማንኪራ የሚለው የቆየ ሙግትም ጫካው ካለቀ ለማንም አይበጅም። በበለጠ ጌራ ደን ዙሪያ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ደኑን እየጠበቁ ቡናውን የሚጠቀሙበት አሠራር መንገዱን አሳይቷል፤ ስለዚህ የዞን አስተዳደሮች ይህን አሠራር ሊያስፋፉ፣ ቡና ላኪዎችም ከትርፋቸው ከፍለው ለጠባቂዎቹ ድርሻቸውን ሊሰጡ ይገባል፤ ያለውን ጫካ መጠበቅ ያልቻለ ትውልድ በባዶ ፕላኔት ላይ ሕይወት አቆማለሁ ቢል ሊታመን አይችልምና።