እጁ ሥራ ይያዝ

ለዘመን መለወጫ አጭር ድራማ ስናዘጋጅ፣ እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ በሚባለው ሰፈር ብርድ ልብስ የሚሸጥ አንድ ልጅ የአባት ሚና ደረሰው። ቃለ ተውኔቱን በሁለት ሌሊት ሸምድዶ መጣ። ሰው ፊት ሲቆም ግን ድምፁ ሰለለ። እጁን ኪሱ ይከታል፣ ያወጣል፣ ደረቱ ላይ ያጣምራል። «ጋሼ፣ እጄን የት ላድርገው?» አለኝ በመጨረሻ።

በማግስቱ ሱቁ ጎራ አልኩ። ያው ልጅ በዙሉኛ ደንበኛ ይጠራል፤ ብርድ ልብሱን በአንድ ጊዜ ይዘረጋል፣ ዋጋ እየተከራከረ አራት አድርጎ ያጥፈዋል። መግቢያ የጠፋው እጅ ያ ነው ቢሉኝ አላምንም ነበር።

ከጄፒ ብዙ ሳይርቅ፣ ኒውታውን፣ ማርኬት ቲያትር አለ። ባርኒ ሳይመንና ማኒ ማኒም እ.ኤ.አ. በ1976 በአሮጌ የፍራፍሬ ገበያ ሕንፃ ውስጥ የከፈቱት ነው። ሳይመን ተዋንያኑን ከተማው ውስጥ እየላከ ሰው እንዲያዩና እንዲያዳምጡ ያደርግ ነበር። ይህን አሠራር እወደዋለሁ። «ሰው ምን ይለኛል» እያልን ላደግን ለእኛ ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልገናል። ይሉኝታ ለጎረቤት ደግ ነው፤ መድረክ ላይ ግን ተዋናዩ ራሱን በተመልካች ዓይን ሲመለከት አጠገቡ ያለው ባልደረባው የሚለውን አይሰማም።

ዛሬ የቲያትር ቤቱ ትልቁ አዳራሽ በስሙ የሚጠራው ተዋናይ ጆን ካኒም ከመድረክ በፊት ፖርት ኤልዛቤት የፎርድ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከአቶል ፉጋርድና ከዊንስተን ንትሾና ጋር እ.ኤ.አ. በ1972 በሠሩት «ሲዝዌ ባንዚ ኢዝ ዴድ» ተውኔት መክፈቻ ላይ የሚተርከው ያንኑ የፋብሪካ ኑሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 እሱና ንትሾና የቶኒ ሽልማትን ተጋርተዋል።

ይህን አስቤ በሚቀጥለው ልምምድ ልጁን ብርድ ልብስ ይዞ እንዲመጣ ነገርኩት። በድራማው ልጇን ይዛ የመጣችውን «ሴት ልጁን» እያናገረ አጠፈው፤ መሀል ላይ ቆም ብሎ ተመለከታትና ጫፉን አቀበላት። ይህ ቃለ ተውኔቱ ውስጥ አልነበረም። የዚያን ቀን ስለ እጁ አልጠየቀኝም።

በየማኅበሩና በየትምህርት ቤቱ ድራማ የምታዘጋጁ ወገኖቼ፣ የሚንቀጠቀጠውን ልጅ እባካችሁ «ዘና በል፣ አትፍራ» አትበሉት። የሚያውቀውን ሥራ እጁ ላይ ስጡት፤ የሚያናግረውንም ሰው ፊቱ አቁሙለት።